ባለስልጣን ላይ ካርቱን መሳል ለምትፈልጉ፣ ከዛፒሮ ሻወር ጀምሩ

የፖለቲካ ካርቱን መሳል የሚፈልጉ ልጆች ቶሎ የሚጠይቁኝ ምን እስክሪብቶ ልግዛ ብለው ነው። እስክሪብቶው ይቆይ። መጀመሪያ ሰውየው ራሱ ያለውን ወይ ያደረገውን አንድ ነገር ፈልጉ፣ በእጅ ተነክቶ ሊሳል የሚችል ነገር።

የደቡብ አፍሪካው ካርቱን ሰዓሊ ዛፒሮ (ጆናታን ሻፒሮ) ያደረገውን እዩ። እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ጄኮብ ዙማ፣ የአገሪቱ የቀድሞ ምክትል ፕሬዝዳንት፣ በኋላም ፕሬዝዳንት የሆነው፣ በአስገድዶ መድፈር ተከሶ ነፃ ወጣ፣ ግን እዛው ችሎት ላይ ኤችአይቪ ካለባት ሴት ጋር ያለ ኮንዶም ከተኛ በኋላ እንዳይዘኝ ብዬ ሻወር ወሰድኩ አለ፣ ይሄ እኮ የአገሪቱን የኤድስ ምክር ቤት ሲመራ የነበረ ሰው ነው! ከዛ በኋላ ዛፒሮ ዙማን ሲስል አናቱ ላይ ሻወር ተከለበት፣ በቃ ቀረ፣ ጽሁፍ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን አይቶ ያውቀዋል።

እናንተም እንደዛ ምልክት ስታገኙ በትንንሹ አስር ቦታ ሞክሩት፣ ከዛ ጽሁፉን ሸፍናችሁ ፖለቲካ ለማይከታተል ሰው አሳዩት። ማብራራት ከጀመራችሁ ስዕሉ አልሰራም ማለት ነው፣ እንደገና። መስመሩን ወፈር አድርጉት፣ ጋዜጣ ላይ ሲያንስ ቀጭኑ ይጠፋል።

ንግግሩ የተነገረበትን ቀንና ማስረጃ አስቀምጡ፣ ኤዲተራችሁም ይወቀው። ዛፒሮ በ2008 ፍትህን በሴት መስሎ፣ አጋሮቹ ይዘዋት ዙማ ሱሪውን ሲፈታ ሳለና ተከሰሰ፣ ዙማ ክሱን የተወው በ2012 ነው። አራት አመት! ያንን ስዕል ለጀማሪ አልመክርም፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችም ጋዜጣ ያነባሉ።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን ይሄ ነው። በ2016 ዛፒሮ የአቃቤ ህጉን መስሪያ ቤት ሃላፊ የዙማ ጦጣ አድርጎ ሳለው። መታዘዙን ለማሳየት ነበር ሃሳቡ፣ ግን ነጭ ሰዓሊ፣ ያውም ነጭ ያልሆነን ሰው በጦጣ መስደብ በተለመደበት አገር! ቁጣው ትክክል ነበር፣ እሱም ተሳስቻለሁ አለ። ሻወሩ ከሰውየው አፍ የወጣ ነው፣ ጦጣው ግን ከድሮ ስድብ የመጣ ነው።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ረቂቁ ጀርባ ላይ "ይሄ ምልክት ከየት መጣ?" ብላችሁ መልሱን ጻፉ። ችሎት፣ ፓርላማ፣ ቃለመጠይቅ ከሆነ ላኩት። አፍንጫው፣ ቀለሙ፣ ብሄሩ ከሆነ ቀዳድዳችሁ ጣሉት፣ ዴድላይኑ ቢያልፍም።