የይምርሐነ ክርስቶስን ጣሪያ ሳይጣመም ማንሳት

ላስታ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በአይፎን ሳነሳ፣ የጣሪያው የእንጨት ጌጥ በአንዱ ወገን ሰፍቶ በሌላው ጠብቦ ይወጣብኝ ነበር። ሰፊ እይታ ባለው በ0.5 ሌንስ ሞከርኩ፤ ዳር ዳሩን ለጠጠው። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ማቃናትም ጫፎቹን ቆርጦ አስቀረ፤ ሚዛኑን የሚጠብቁት ደግሞ እነዚያው ጫፎች ናቸው።

የሠራው ይኸው ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ፣ ካሜራ ውስጥ ግሪድን (የመስመር መረቡን) እና ሌቭልን (የውኃ ልኩን) አብሩ። ስልኩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ሁለት የመስቀል ምልክቶች ይመጣሉ፤ ሲደራረቡ ስልኩ ውኃ ልኩን ይዟል። ከዚያ በኋላ ጌጡ መሃል ካልገባ ስልኩን አታዘንብሉት፣ ስልኩ የቆመበትን ትሪፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) እንዳለ ግፉት። ቁም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ በጥቂቱ እንኳ ካዘነበለ ትይዩ መስመሮቹ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባሉ።

መሃሉን ከግድግዳው ሳይሆን ከራሱ ከጌጡ ውሰዱ። የእጅ ሥራ ነውና ሁለቱ ልክ ለልክ ላይገጥሙ ይችላሉ።

ውስጡ ጨለማ ስለሆነ መደበኛውን የ1x ሌንስ፣ ናይት ሞድን (የጨለማ ማንሻውን) እና የ3 ሰከንድ ታይመር ተጠቀምኩ። ፍላሽ ግን ለጥንቱ ሥዕልም ለሚጸልየውም ሲባል ይቅር። ትሪፖድ ከማቆማችሁ በፊት ካህናቱን አስፈቅዱ።