የሕይወት ዓላማን ፍለጋ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ዓመት የሚያባክነው ስህተት ዓላማው ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ሥራ አለመጀመር ነው። ዓላማ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቀው የሚመስለው ሰው አንዱን ይሞክርና ገና ሲከብደው «የእኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ኦኪፍ፣ ድዌክና ዋልተን በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የሥነ ልቦና ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ዝንባሌ አብሮን የተፈጠረ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች፣ በጊዜ ይዳብራል ከሚሉት ይልቅ ነገሩ ሲከብድ ፍላጎታቸው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስዕልም ይሁን የእንጨት ሥራ፣ ጽሑፍም ይሁን ሙዚቃ፣ አንዱን መርጠው 12 ሳምንት ይያዙት። እስከዚያ «ይሄ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው አይጠይቁ። በ3ኛው ሳምንት ጀማሪነቱ ራሱ ስለሚያሳፍር መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አይደለም» ይሆናል።

በሞቅታ መጀመርም ሌላው ነው። በመጀመሪያው ቀን 3 ሰዓት የተቀመጠ ሰው በ4ኛው ቀን ወንበሩን ማየት ያስጠላዋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ቦታ 25 ደቂቃ ይበቃል። ልማድ በ21 ቀን ይጸናል የሚለው አባባል ብዙዎችን ተስፋ አስቆርጧል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ሲለኩት፣ ድርጊቱ በራሱ የሚመጣ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለሉም ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላመጣም። ያመለጠዎትን ቀን በእጥፍ ለማካካስ አይሞክሩ፤ በማግሥቱ በዚያው 25 ደቂቃ ይቀጥሉ።

እየፈጠሩ መፍረድ ግን ከሁሉም የከፋ ይመስለናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ የሚሰርዝ፣ ደግሞ ጽፎ የሚሰርዝ ሰው ባዶ ወረቀት ይዞ ይነሣል። ስንፍና አይደለም፤ የማይስማሙ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ስለያዘ ነው። ማመንጨት ልቅ እጅ ይፈልጋል፣ ማረም ደግሞ ጥብቅ ዓይን። ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት፤ እርማቱን ለሌላ ቀን ይተዉት። እጅዎ ከተሳሰረ ምርጫውን ያጥቡት፦ ሁለት ቀለም ብቻ፣ ወይም አንድ ገጽ ብቻ።

ውስጣዊ ጸጥታን በተመለከተ፣ አእምሮን ከሐሳብ ባዶ ለማድረግ መታገል ከንቱ ድካም ነው። ሐሳብ ይመጣል። ልምምዱ ሐሳቡ እንደወሰደዎት ባወቁ ጊዜ ወደ ትንፋሽዎ መመለስ ነው፤ 30 ጊዜ ቢሄዱ 30 ጊዜ ይመለሳሉ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት በአፍንጫ 4 ሰከንድ ያስገቡ፣ 6 ሰከንድ ያስወጡ፣ ይህንንም ለ5 ደቂቃ ያድርጉ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ስለሚረግብ ማስወጫው ይረዝማል። በኃይልና በፍጥነት ከተነፈሱ ግን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ያዞርዎታል፣ ጣትዎም ይደነዝዛል። ያኔ ትንፋሹን አነስ ያድርጉት።

ገና ያልበሰለ ሥራ ለብዙ ሰው ማሳየትም ይቅር። ሙገሳውም ነቀፋውም ሥራው ሳይጸና አቅጣጫውን ያስቀይራል።

የመጨረሻው፣ ኃይል እስኪያልቅ መሥራት ነው። ሐሳቡ ተሟጦ ከተነሡ ነገ ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም። ቀጣዩ እርምጃ ገና ቁልጭ ብሎ እየታየዎት ያቁሙና በአንድ መስመር ይጻፉት፦ «ከግራው ጥላ ጀምር»። ብሩሹን አጥበው ከወረቀቱ ላይ ያኑሩት።