የአጋዘን አደን ጥይት አመራረጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ ያሉ ወገኖቻችን አደን ሲጀምሩ የሚቀድመው ጥያቄ «ለአጋዘን የትኛው ካሊበር ይሻላል?» የሚለው ነው፤ ካሊበር በአረሩ ውፍረት የሚጠራው የጥይት ዓይነት ነው። የዚህ መልስ ብዙ አያስቸግርም። .243 ዊንቸስተር፣ 6.5 ክሪድሞር፣ .270፣ .308፣ .30-06፣ በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ የቀረበው .30-30 እንኳ ሳይቀር፣ ሁሉም ነጭ ጅራቱን አጋዘን በወጉ ይጥላሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሱቅ ገብተው ለአንዱ ካሊበር ብቻ መደርደሪያ ሙሉ ካርቶን ሲያዩ ነው። በእኔ እምነት በካሊበሩ ከሚሳበበው ችግር አብዛኛው የአረሩ አሠራር ችግር ነው። አጋዘኑ ቆስሎ የሚያመልጠውም፣ ሥጋው ተበላሽቶ የሚጣለውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነገሩን ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም።

ለማያውቅ ሰው፦ ጥይት ቀለህ፣ ባሩድ፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው መለኮሻ እና በርሮ የሚሄደው አረር ነው። ካርቶኑ ላይ «150 ግሬን» ተብሎ የተጻፈው የአረሩ ክብደት ብቻ ነው፤ 9.7 ግራም ያህል ይሆናል።

ምልክት፦ ጥይቱ አልጎርስ አለ፣ ወይም ጎርሶ መዝጊያው አልዘጋ አለ

በኃይል አይግፉት። ብዙ ጊዜ መንስኤው የስም መመሳሰል ነው። የ.308 ቀለህ 51 ሚሊሜትር ነው፣ የ.30-06 ደግሞ 63፤ የአረራቸው ውፍረት ግን አንድ ነው። ባለ 7 ሚሊሜትሮቹም እንደዚሁ ናቸው፤ 7 ሚሊሜትር-08 እና 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም ቁጥሩን ይጋሩ እንጂ ለየቅል ናቸው። ሻጩ በችኮላ አንዱን በሌላው ፈንታ ቢያነሳ አይገርምም።

ከሁሉ የከፋው ግን አልገባም የሚለው ሳይሆን ሳያስቸግር የሚገባው ነው። .300 ብላክአውት እና .223 ሬሚንግተን በአንድ ዓይነት ካዝና (ጠመንጃው ላይ የሚሰካ ጥይት መያዣ) ይሠራሉ። የ.300ው ጥይት በ.223 ጠመንጃ ውስጥ ጎርሶ ከተተኮሰ 7.8 ሚሊሜትር አረር በ5.7 ሚሊሜትር በርሜል ለማለፍ ይታገላል፤ ጠመንጃው እዚያው ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሁለቱም ቤት ውስጥ ካሉ ካዝናዎቹን በቀለም ይለዩ፤ ለአንድ የአደን ቀን ሁለቱን አይነት ጥይት አብረው አይያዙ።

መፍትሄው አጭር ነው። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንና ቀለሁ ቂጥ ላይ የታተመውን ያስተያዩ። ሦስቱ ቃል በቃል አንድ ካልሆኑ አይተኩሱ።

ምልክት፦ የአደን ተቆጣጣሪው ጥይቱን አይቶ «ይህ አይፈቀድም» አለ

ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በቨርጂኒያ ለአጋዘን ካሊበሩ ከ.23 ማነስ የለበትም። ስለዚህ ለዒላማ ልምምድ የሚወዱት .223 እዚያ ለአጋዘን አይሆንም፤ በምሥራቁ በኩል ያሉ በርካታ ካውንቲዎች ደግሞ በጠመንጃ አጋዘን ማደንን ጨርሶ ይከለክላሉ፣ በሾትገን እንጂ። ኮሎራዶ ቢያንስ .24 ካሊበር፣ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን አረር፣ በ100 ያርድ ላይ ቢያንስ 1,000 ጫማ-ፓውንድ ጉልበት፣ በዚያ ላይ አካል ውስጥ ሲገባ የሚከፈት አረር ይጠይቃል። ኦሃዮ ከጠመንጃ የሚፈቅደው አንገቱ ያልጠበበ፣ ቀጥ ያለ ቀለህ ያለው ጥይት ነው፤ .350 ሌጀንድና .450 ቡሽማስተር የተወደዱት በዚህ ምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ ያለበት አረር ክልክል ነው።

የየግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የአደን ደንብ መጽሐፍ ያወጣል፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የአምናው ለዘንድሮ አይሠራም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃና ጥይት መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመርህ ደረጃ ተከልክሏል፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። የወንድምዎን ጠመንጃ ለአንድ ቀን መዋስም በዚህ ውስጥ ይገባል። የስደት ጉዳይ ያልተቋጨለት ሰው ከመነሳቱ በፊት ጠበቃ ያማክር፤ ለአንድ አጋዘን ተብሎ የመኖሪያ ፈቃድ አደጋ ላይ አይጣልም።

ምልክት፦ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳዎቹ ተበታተኑ

እዚህ ላይ ሰው ቶሎ ጥይቱን ይከስሳል፤ ቀጥሎ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ይቀይራል፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ ችግሩ ይቀራል። ፍተሻው ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ብሎኖቹ። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙትን አንድ በአንድ በቁልፍ ይሞክሩ። አንዷ ላልታ ከሆነ ሌላው ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት። የአደን ጠመንጃ በርሜል ቀጭን ነው፤ አምስትና ስድስት ጥይት በተከታታይ ሲተኮስ ይግላል። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ አንድ ጎን በመስመር እየተሰለፉ ከሄዱ ምልክቱ ይኸው ነው። ሦስት ተኩሰው በርሜሉ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። አጋዘን ላይ የሚተኮሰው ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ እሱ የት እንዳረፈ ይመዝግቡ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጥይቱ የሚመጣው። እያንዳንዱ በርሜል የሚስማማው ጥይት አለ፤ አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ያወጣቸው ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ ምርጫቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ወይም ከሦስት ፋብሪካ አንዳንድ ካርቶን ይግዙና ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት እየተኮሱ ያወዳድሩ። የሚፈለገው ተአምር አይደለም። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ በስፋት 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በ100 ያርድ 2 ኢንች ውስጥ የሚሰበስብ ጥይት በተለመደው የአደን ርቀት ከበቂ በላይ ነው። የዒላማ ተወዳዳሪዎች የሚያወሩትን ጥቃቅን ቁጥር እያሰቡ አይጨነቁ።

ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ከሆነ፣ አረሩ በጎኑ ወረቀቱን መታ ማለት ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ጥምዝ መስመር አረሩን በበቂ ፍጥነት አላሽከረከረውም፤ ይህ የሚሆነው አረሩ ለዚያ ጥምዝ ሲረዝም ነው። በርሜሉ ላይ «1:12» ወይም «1:9» የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ አንድ ሙሉ ዙር በስንት ኢንች እንደሚያልቅ ይናገራል። ሁለተኛው ቁጥር ሲያንስ ረዘም ያለ አረር መሸከም ይችላል። ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ አረር በአንድ ክብደት ከእርሳሱ ይረዝማልና መዳብ ከመረጡ በክብደት አንድ ደረጃ ይውረዱ፤ በ.308 ከ150 ይልቅ 130 ግሬን እንደ ማለት ነው።

ጥይት በቀየሩ ቁጥር መነጽሩን እንደገና ዒላማ ላይ ያስተካክሉ። የካርቶኑ ቀለም አንድ ሆኖ ክብደቱ ብቻ ቢለያይም ያው ነው።

ምልክት፦ ተመታ፣ ግን ሮጠ፤ ደሙም ጠብታ ብቻ ነው

ይህ ነው የሚያሳዝነው። ቦታው ትክክል ሆኖ እንዲህ ከሆነ፣ አረሩ ሳይከፈት በቀጭኑ አልፏል። ሁለት መንስኤ አለው።

አንደኛው ሙሉ ሽፋን ያለው የወታደር ጥይት ነው። ዋጋው ረከስ ስለሚል ለልምምድ የተገዛው ካርቶን ለአደን ይወሰዳል። ይህ አረር እንዳይከፈት ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ገብቶ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፤ እንስሳው በስቃይ ርቆ ይሄዳል። ብዙ ግዛቶች ለአደን የከለከሉትም ለዚህ ነው። ጫፉን ይዩት፦ ከአፍንጫው እስከ ታች በመዳብ የተሸፈነ ከሆነ የልምምድ ነው። ለአደን የሚሆነው ጫፉ ላይ የተጋለጠ እርሳስ፣ ወይም ቀዳዳ፣ ወይም ባለቀለም ፕላስቲክ ያለው ነው። ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ የአጋዘን ሥዕል ይኖራል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አረር ለመከፈት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት አለ፤ ለመዳብ አረር ብዙ ጊዜ ወደ 2,000 ጫማ በሰከንድ አካባቢ ይሆናል፣ ትክክለኛውን ፋብሪካው ይገልጻል። 150 ግሬን የ.308 አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,820 ጫማ በሰከንድ ያህል ነው፤ 300 ያርድ ላይ ወደ 2,000 ይወርዳል። የ.30-30ው ግን በ2,390 ተነስቶ ገና 100 ያርድ ላይ 2,000 አካባቢ ነው፤ 200 ላይ ከ1,700 በታች ይሆናል። እንግዲህ ለ.30-30 ጠንካራ አረር መምረጥ ስህተት ነው፤ ለስላሳ እርሳስ ጫፍ ያለው ይበልጠዋል። የሁሉም ካርቶን ጀርባ ወይም የፋብሪካው ድረ-ገጽ የፍጥነት ሰንጠረዥ አለው፤ ሊተኩሱ ከሚያስቡበት ርቀት ትይዩ ያለውን ቁጥር ያንብቡ።

ለቆሰለው እንስሳ ደግሞ፦ ወዲያው አይከተሉት። የወደቀበትን ካላዩ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁና ደሙን ያጥኑ። ቀላ ብሎ አረፋ ያለው ከሳንባ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። ጥቁር ቀይ ሆኖ አረንጓዴ ፈሳሽ ወይም ያልተፈጨ ሣር ከተቀላቀለበት ከአንጀት ነው፤ ለብዙ ሰዓታት ሳይነኩት መተው ይሻላል፤ ካሳደዱት ጨርሶ ይጠፋል።

ምልክት፦ አጋዘኑ ወደቀ፣ ግን የፊት ትከሻው ሥጋ ጥቁር ረግረግ ሆነ

የቀደመው ተገላቢጦሽ ነው። ለስላሳ አረር በከፍተኛ ፍጥነት ከቅርብ ተተኩሷል። 130 ግሬን የ.270 አረር በ3,060 ጫማ በሰከንድ ይነሳል፤ ጫካ ውስጥ በ30 ያርድ አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል። መፍትሄው ከሦስት አንዱ ነው፦ እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ አረር መምረጥ፣ ወይም መዳብ፣ ወይም በዚያው ካሊበር ከበድና ዘገም ያለውን መውሰድ። አነጣጠሩም ይረዳል፤ ከትከሻው አጥንት ትንሽ ኋላ፣ ሳንባው ላይ።

የእኛ ሰው ሥጋውን ለክትፎ ስለሚያስበው እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። የሚበታተን እርሳስ ዓይን የማያየው፣ ጥርስም የማይሰማው ብናኝ ሆኖ ከቁስሉ ቦታ ከስንዝር ሊርቅ ይችላል። በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰሜን ዳኮታ ለምግብ ባንክ የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ ሲመረመር ብናኙ ተገኝቶ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ሥጋው እንዲወገድ መክሮ ነበር። እርሳስ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር መጥፎ ነው። ቁስሉን ዙሪያውን በሰፊው ቆርጠው ይጣሉ፤ የደማውን ሥጋ አጥቤ እፈጫለሁ አይበሉ። ልጆች ለሚበሉበት ቤት መዳብ አረር ትንሽ ቢወደድም የሚያዋጣው እሱ ነው። ጥሬውንማ ይተዉት፤ የአጋዘን ሥጋ ቶክሶፕላዝማ ሊኖርበት ስለሚችል የተፈጨው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መብሰል አለበት። አጋዘንን ቀስ በቀስ የሚያመነምነው የአንጎል በሽታ ባለበት አካባቢ ካደኑ የምርመራ ናሙና ሰጥተው ውጤቱን ይጠብቁ። ለጿሚው መጠበቁ አይከብድም፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የኅዳር አደን ሥጋ መቼም እስከ ገና በረዶ ቤት መቀመጡ ነው።

ምልክት፦ ከመተኮስዎ በፊት ዓይንዎ ይጨፈናል፣ ትከሻዎ ይሸሻል

ጠመንጃው ከብዶብዎታል። ለአጋዘን ማግነም የሚባለው ኃይለኛ ጥይት አያስፈልግም። የ.243 ምት የ.30-06ን ግማሽ ያህል ነው፤ 6.5 ክሪድሞርና 7 ሚሊሜትር-08 በመካከል ናቸው። ጠመንጃውን መቀየር ካልቻሉ ምቱ የተቀነሰ ተብሎ የሚሸጥ ጥይት አለ፤ ፍጥነቱም ስለሚቀንስ ለቅርብ ርቀት ብቻ ይያዙት።

ምልክት፦ ምላጭ ተሳበ፣ «ጠቅ» አለ፣ አልተኮሰም

አፈሙዙን ከሰው አርቀው፣ መዝጊያውን ሳይከፍቱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ያውጡትና የመለኮሻውን ቂጥ ይዩ። ጭረቱ ጥልቀት ከሌለው ጥፋቱ የጥይቱ አይደለም፤ በሚኒሶታ ብርድ መዝጊያው ውስጥ ያለው ዘይት ወፍሮ መርፌውን አዘግይቶታል። ከክረምት በፊት አሮጌውን ዘይት ጠርገው በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ። ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ ጥይቱ ከሽፏል።

ተኩሱ ከተለመደው ያነሰ «ጱፍ» የሚል ድምፅ ከሰጠ ሁለተኛ አያጉርሱ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ጠመንጃውን አራግፈው በርሜሉን ከኋላ በኩል በብርሃን ይዩ፤ ብርሃን ካላለፈ ወደ ጠመንጃ ሠሪ ይውሰዱት።

ምልክት፦ አምና ጥሩ ይሠራ የነበረው ጥይት ዘንድሮ ሌላ ቦታ መታ

ካርቶኑ ዳር ላይ በትንሽ ፊደል የታተመ የምርት ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከተለየ ባሩዱ ከሌላ ዙር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ አንዳንዴ ግን ይታያል። የሚስማማዎትን ካገኙ በዚያው ቁጥር ሦስት አራት ካርቶን በአንዴ ይግዙ፤ በመከር ወራት መደርደሪያው ስለሚራቆት በበጋ ቢገዙ ይሻላል። ደረቅ ቦታ፣ ከልጆች እጅ ርቆ፣ ከጠመንጃው ተለይቶ ተቆልፎበት ይቀመጥ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት። ካርቶኑ ክዳን ላይ በእርሳስ የጠመንጃውን ስም፣ ያስተካከሉበትን ርቀትና ቀዝቃዛው የመጀመሪያ ጥይት ያረፈበትን ቦታ ይጻፉ።