ርካሽ ሬዞኔተር ጊታር ዝዝ ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጅማ ላይ መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየር ዝም ይላል። ሬዞኔተር ጊታር ግን ይቀጥላል። እኔ የምወደው ለዚህ ነው። ሆዱ ውስጥ ከስስ አልሙኒየም የተሠራ ኮን አለ። ክሩ ሲመታ ንዝረቱ ክሮቹን በሚሸከመው ብሪጅ በኩል ወደ ኮኑ ይወርዳል፤ ኮኑም እንደ ስፒከር አየሩን ይገፋል። ጆን ዶፕዬራ እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካ ውስጥ ይህን ጊታር ሲያወጣ ዓላማው ይኸው ነበር፤ ጊታር ከባንድ ጋር ሲጫወት ድምፁ እንዳይዋጥ።

ርካሾቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ውስጣቸው ነው። ደስ የሚለው፣ ውስጡ በአንድ ካቻቪቴ ይከፈታል። ግን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ምልክቱን አዳምጡ። እኔ መጀመሪያ ኮኑን ነው የቀየርኩት። አዲሱም ዝዝ አለ። ለካ ኮኑ የሚያርፍበት እርከን ላይ የደረቀች የኮላ ጠብታ ነበረች። ከምስር ፍሬ አትበልጥም።

ዓይነቱን ለዩ። ኮኑ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ አናቱ ላይ ክብ እንጨት ካለ፣ ባለ ብስኩት ነው። ብስኩት የሚባለው ያ እንጨት ነው። ኮኑ እንደ ተቀመጠ ሳህን ጎድጉዶ በላዩ ባለ ስምንት እግር ብረት ከተዘረጋ ደግሞ ባለ ሸረሪት ነው። የመጀመሪያው ኮን ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 24 ሴንቲ ሜትር (9.5 ኢንች)፣ የሁለተኛው 26.7 ሴንቲ ሜትር (10.5 ኢንች) ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ምልክት፦ ዝዝ ይላል ወይም ይንሿሿል

በገና ላይ ዝዝታው ተፈልጎ ነው፤ በክሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ የሚገባው ለዚያ ነው። ሬዞኔተር ላይ ግን የሆነ ነገር ላልቷል፣ ወይም የማይነካካው ተነካክቷል ማለት ነው።

አንድ ሰው ክሩን ይምታላችሁ። እናንተ የላይኛውን የብረት ሽፋን ዙሪያውን በጣታችሁ ጫን ጫን በሉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የሽፋኑ ብሎኖች ነው። አጥብቁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ስቴኪኒ ኮላ ነክራችሁ አስገቡ፤ ሲደርቅ ጫፉን ቆርጣችሁ ብሎኑን መልሱ። ዝዝታው አንድ ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ ካሉት ቀጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮኑን አትንኩት፤ ችግሩ ፍሬቱ ነው።

በሁሉም ክር ላይ ከሆነ ክፈቱት። ክሮቹን አላሉ፤ እንዳይዝረከረኩ አንገቱ ላይ በፕላስተር እሰሯቸው። ሽፋኑን ስታነሱ ኮኑ ላይና እርከኑ ላይ ትይዩ የእርሳስ ምልክት አድርጉ። በነበረበት አቅጣጫ ካልተመለሰ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከጠርዙ አንሱት፤ መሃሉን በጭራሽ እንዳትጫኑ።

ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የጣታችሁን ጫፍ በእርከኑ ላይ አዙሩ። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል፤ የኮላ ጠብታ፣ የእንጨት ስንጣሪ፣ የቀለም እብጠት። ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ አስተካክሉት፤ ብናኙንም በደንብ ጥረጉ። የኮኑን ጠርዝ ደግሞ መስታወት ላይ ድፉት። ሲነኩት ከተወዛወዘ ጠርዙ ተጣሟል። ኮን በኮላ አይለጠፍም፤ የክሮቹ ጫና ይይዘዋል።

ሳትዘጉ መሃሉን እዩ። ባለ ብስኩቱ ላይ ብስኩቱንና ኮኑን የሚያያይዘው ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። ባለ ሸረሪቱ ላይ ስምንቱም እግሮች የኮኑን ጠርዝ መንካት አለባቸው። የመሃሉ ብሎን እንዳይንሿሿ ያህል ብቻ ይጥበቅ፤ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያላችሁ አዳምጡ። ከልክ በላይ ከጠበቀ ድምፁ ይታነቃል፣ ኮኑም ይጎዳል።

ምልክት፦ ዝዝ አይልም፣ ግን ድምፁ እንደ ድስት ክዳን ነው

አዲስ ኮን የሚገዛው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ኮን ብዙ ጊዜ በማሽን ተጨፍልቆ የወጣ ወፍራም ቆርቆሮ ነው። ክሩ ሊያንቀሳቅሰው ይቸገራል። ጥሩው ኮን እየተሽከረከረ ከስስ አልሙኒየም የተሳበ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን ስፋት ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ለኩ። አዲሱ ከፍ ካለ ክሮቹም ከፍ ይላሉ፤ ዝቅ ካለ ፍሬቱን ይነካሉ። መጀመሪያ ትንሽ ድርቅ ያለ ቢመስል አትደንግጡ፤ ሲጫወቱበት እየተፍታታ ይሄዳል።

ክሩንም እዩ። በጣም ቀጭን ክር ኮኑን አያነቃውም። እኔ 12 ወይም 13 የሚባለውን ስብስብ እጠቀማለሁ፤ ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው፣ በሺኛ ኢንች።

ምልክት፦ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፣ ቀጭኖቹ ክሮች ደካማ ናቸው

ሳድሉን ጠርጥሩ። ክሩ የሚያርፍባት ቀጭን እንጨት ማለቴ ነው። ርካሾቹ ላይ ለስላሳ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ትሆናለች፤ መቀመጫዋም ውስጥ ትወዛወዛለች። ከሁሉም በላይ ጥቂት ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ውጭ አገር ሜፕል ይጠቀማሉ፣ ጥቁር ዞጲ ከላዩ ይጨምሩበታል። እኛ ጋ ወይራ አለ።

ጅማ ላይ ደግሞ የእንጨት እጅ አይታጣም። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈልበት ከተማ ነው። በርጩማ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋ ሄጄ ደረቅ ወይራ ጠየቅኩ። ሁለት ቁራጭ አንስተው እርስ በርስ አጋጩ። አንደኛውን ጣሉት። «አባባ፣ ምን ሆነ?» አልኳቸው። «ይኼ ገና እርጥብ ነው፤ አይጮህም» አሉኝ። ሁለተኛው ቅጭል ብሎ ጮኸ። ሳድሌ ከዚያ ወጣ።

ስትሠሩት ከሚያስፈልገው ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። በሞረድ ትንሽ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ የተቆረጠ አይመለስም። ሳድሉ 1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ክሩ 12ኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በስላይድ (ክሩ ላይ በሚንሸራተት የብረት ወይም የመስታወት ቱቦ) ለሚጫወት እዚያ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመቸዋል። ክሩ የእጅ ማሳረፊያውን ብረት እንዳይነካም እዩ።

ምልክት፦ ክሮቹ ዝቅ አሉ

በአንድ ቀን ዝቅ ካሉ ኮኑ ሰምጧል። በወፍራም ክር ወይም በአንዳች ጫና ሊሆን ይችላል። ገፍቶ መመለስ አያዋጣም፤ ቀይሩት። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከተለወጠ ግን የአየሩ ነገር ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ አንገቱን ያንቀሳቅሰዋል። ኮን ሳትነኩ አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ በጣም በጥቂቱ አዙሩ። ጊታሩንም ግድግዳ ላይ ከመስቀል በቦርሳው አስቀምጡ።

ምልክት፦ ባዶው ክር ልክ ነው፣ 12ኛው ፍሬት ግን ይስታል

ሳድሉ ቦታውን ለቋል። ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውን ለኩ፤ ከዚያ እስከ ሳድሉም እኩል መሆን አለበት። በወፍራሞቹ ክሮች በኩል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጨምር። ለዚህ ኮኑን ከነብስኩቱ ትንሽ ማዞር ይበቃል።

ምልክት፦ ቅኝቱ አይቆይም

መቃኛ ቁልፎቹን ለመቀየር አትቸኩሉ። ክሩ አንገቱ ጫፍ ያለው ነት ውስጥ ተቀርቅሮ ይሆናል። መቀርቀሪያው ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ጫፍ አሹበት። ነቱ ፕላስቲክ ከሆነ ተቀቅሎ የደረቀ የበሬ አጥንት ይተካዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ከወፍራሙ ክር ጀምራችሁ ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ብላችሁ ቃኙት። ከዚያ ትዝታን በስላይድ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። እያንዳንዱን ድምፅ እስኪሞት ጠብቁት። ዝዝታ ካለ የሚሰማው መጨረሻው ላይ ነው።