ለማጣሪያ ወደ አዳማ ለምትወርዱ ሯጮች

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወርዳችሁ የምትወዳደሩ፣ «አየሩ ይቀለናል» ብላችሁ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አታፍጥኑ። እርግጥ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ሲወረድ ትንፋሽ ይቀላል። ሙቀቱ ግን የከፍታው መቀነስ የሰጠውን መልሶ ይቀበላል፤ ለጡንቻ የሚፈለገው ደም ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ ልብም በዚያው የሩጫ ፍጥነት አብዝቶ ይመታል።

ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ቀድሞ መውረድ ካልተቻለ፣ ቀለል ያሉትን ልምምዶች ወደ ቀትር አዙሯቸው። ከሩጫ በፊትና በኋላም ተመዘኑ፤ የጎደለው 1 ኪሎ 1 ሊትር ገደማ ላብ ነው። እኔ «አልጠማኝም» እያልኩ ስከራከር ሚዛኑ 2 ኪሎ አጉድሎ አሳፍሮኛል።

ደግሞ አዳማ ላይ የምትሮጡት ለደረጃ እንጂ ለሚኒማ (ለውድድር ለማለፍ ለሚጠየቀው ሰዓት) አይሁን፤ የአዳማም ከፍታ ቢሆን ሰዓት ያዘገያል። ለተሰንበት ግደይ የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ29:01.03 የሰበረችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 በኢትዮጵያ ማጣሪያ ነበር፤ ማጣሪያው የተካሄደው ግን ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቀው የኔዘርላንድስ ከተማ በሄንግሎ ነው። አዳማ ላይ ሰዓታችሁን ሳይሆን ከፊት ያለውን ጀርባ ተመልከቱ።