የ1956ቱን ጨዋታ እስክሪብቶ ይዞ ማየት

ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ብርዱ ሲጠና፣ ጋቢዬን ደርቤ የማየው የድሮ ቤዝቦል ነው። የመጋዘን ጸሐፊ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሳልመዘግብ ማየት አይሆንልኝም። የጎረቤት ልጆች «ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ጨዋታ ምንም የለውም» ይሉኛል። በባዶ እጅ ላየው ሰው እውነታቸውን ነው።

ለጀማሪ የምመክረው በኦክቶበር 8፣ 1956 (በእኛ መስከረም 28 ቀን 1949) ኒው ዮርክ ያንኪስ ከብሩክሊን ዶጀርስ ጋር ያደረጉትን የዎርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ተከታታይ) አምስተኛ ጨዋታ ነው። የያንኪሱ ወርዋሪ ዶን ላርሰን 27 መቺዎችን በተራ አሰናበተ፤ አንድም ዶጀር አንደኛ ቤዝ (መቺው መትቶ የሚሮጥበት የመጀመሪያ ማረፊያ) አልደረሰም። ለመዝጋቢ ከዚህ የቀለለ ገጽ የለም።

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ይበቃል። ለአንድ ቡድን አንድ ገጽ ስጡ፤ ወደ ታች ዘጠኙን መቺዎች በተራቸው፣ ወደ ጎን ዘጠኙን ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር)። ከዚያ የተከላካዮቹን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፦ ወርዋሪ 1፣ ተቀባይ 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ 4፣ ሦስተኛ 5፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መሐል የሚቆመው 6፣ የሜዳው ጥልቅ ክፍል ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። ከማልያ ቁጥር ጋር እንዳታምታቱት። ሚኪ ማንትል የለበሰው 7 ነው፣ የሚጫወተው ግን 8 ላይ፤ ማልያው 8 የሆነው ዮጊ ቤራ ደግሞ 2 ነው።

ፊልሙ ላይ የመጀመሪያው ኢኒንግ ስለጎደለ እሱን አስቀድማችሁ ሙሉ። መቺው ሦስት ስትራይክ (ሳይመታ ያሳለፈው ትክክለኛ ውርወራ ወይም ሰንዝሮ የሳተው) ሲሞላበት አሜሪካኖቹ ‹ኬ› የተባለችውን ፊደላቸውን ይጽፋሉ፤ ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ ከቀረ ፊደሏን ያዞሯታል። ጊሊያምና ሪስ የዞረች ኬ፣ ስናይደር 9፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ሲጻፍ ኳሷን ያ ተከላካይ ከአየር ላይ ቀለባት ማለት ነው።

ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ ቀስ በሉ። ጃኪ ሮቢንሰን ኳሷን ወደ ሦስተኛ ቤዝ ለጋት፤ አንዲ ኬሪን ነክታ ሾለከች፣ ማክዱጋልድ ከኋላ ለቅሞ ወደ አንደኛ ወረወራት፣ ሮቢንሰን ለጥቂት ተቀደመ። ደብተሩ ላይ 5-6-3 ናት፤ ኳሷ የነካቻቸው ተከላካዮች በቅደም ተከተል። ሮቢንሰን ያኔ 37 ዓመቱ ነበር፤ በወጣትነት እግሩ ቢሆን ይደርስ ነበር ባይ ነኝ። ሰው ሁሉ የመጨረሻዋን ውርወራ ያወራል እንጂ ለእኔ ጨዋታው የተረፈው እዚህ ጋ ነው።

አምስተኛው ላይ ሆጅስ የመታትን ማንትል ሩቅ ሮጦ ያዛት፤ 8 ጽፋችሁ ኮከብ አድርጉባት። መብራት ቢሄድ እንኳ ካሬዎቹ የት እንደደረሳችሁ ይነግሯችኋል።

የያንኪስ ገጽ ብዙ አያደክምም። አራተኛው ላይ የማንትል ሆም ረን (ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስገኝ ምት)፣ ስድስተኛው ላይ ባወር መትቶ ኬሪን አስገባ፣ 2 ለ 0። የዶጀርሱ ሳል ማግሊም ቀላል ሰው አልነበረም፣ የተመታበት አምስት ጊዜ ብቻ ነው።

ዘጠነኛው፦ ፉሪሎ 9፣ ካምፓኔላ 4-3። ዴል ሚቸል በማግሊ ቦታ ተተክቶ ሊመታ ስለገባ ስሙን እዚያው ረድፍ ላይ ከማግሊ ሥር ጻፉት፤ የዞረች ኬ። ኳሷ ውጭ ነበረች የሚል ክርክር አለ፣ እናንተ ግን ዳኛው ያለውን መዝግቡ። ሲያበቃ በዶጀርስ ገጽ ላይ ኬዎቹን፣ የዞሩትንም ጨምራችሁ፣ ቁጠሩ። ሰባት ካልሞሉ ያለፋችሁት ካሬ አለና ወደ ኋላ መልሱት።