የስቱዲዮውን ኮምፒውተር በአርሲንክ ባክአፕ ማድረግ

ሰርግ አይደገምም፤ የሰርጉ ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ ግን አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ስለዚህ ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ዲስክ ላይ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋችኋል፤ ኮምፒውተራችሁ ሊኑክስ ከሆነ ለዚህ ሥራ አርሲንክ የሚባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ይበቃችኋል። ትእዛዞቹ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ የተቀመጡት እንደሚነበቡ ነው።

ቅጂው የሚቀመጥበት ኤክስተርናል (ተንቀሳቃሽ) ዲስክ አሁን ካላችሁ ፋይል ቢያንስ እጥፍ ይያዝ፤ 400 ጊጋባይት ካላችሁ የ1 ቴራባይት ግዙ። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ተገዛ ከሌላ ቦታ፣ የተጻፈበትን ያህል በእርግጥ መያዙን ኤፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ፈትሹ። ኤፍ3 ዲስኩን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። አቅሙ የውሸት የሆነ ፍላሽ የምትገለብጡትን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ከእውነተኛ መጠኑ ያለፈው ግን አይቀመጥም።

ቀጥሎ ፎርማት ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ቪዲዮ ደግሞ ይህን ያልፋል። ኤክስፋት ትልቁን ፋይል ይቀበላል፤ የፋይሉን ባለቤትና ፈቃድ ግን አይመዘግብም፣ ሃርድ ሊንክም (አንዴ የተቀመጠን ፋይል በብዙ ቦታ እንዲታይ ማድረግ) የለውም። ስለዚህ ዲስኩን ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋልና፣ ዲስኮችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ትእዛዝ አንዴ ዲስኩ ሳይሰካ፣ አንዴ ከተሰካ በኋላ ስጡ። አዲስ የመጣው መስመር የእናንተ ዲስክ ነው። መጠኑንም ሳታዩ አትቀጥሉ።

ኤምኤንቲ በሚባለው የሊኑክስ ፎልደር ውስጥ ባክአፕ የሚባል ፎልደር ከፍታችሁ ዲስኩን እዚያ ማውንት አድርጉ፣ ማለትም በዚያ ፎልደር በኩል እንዲከፈት አገናኙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዲስኩ ማውንት ሳይሆን ከተጀመረ፣ ግልበጣው ባዶው ፎልደር ውስጥ ይገባና የኮምፒውተሩን የራሱን ዲስክ ይሞላል። ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ማውንትፖይንት በሚለው ትእዛዝ አረጋግጡ።

አሁን ዋናው። ሱዶ (ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው) አርሲንክ ብላችሁ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ አንድ ጭረትና ተያይዘው ስሞል ኤ፣ ካፒታል ኤች፣ ካፒታል ኤ፣ ካፒታል ኤክስ። ስሞሏ ኤ ቀንን፣ ፈቃድንና ባለቤትን ትይዛለች፤ ሦስቱ ካፒታሎች ሃርድ ሊንኮችን፣ ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝሮችንና ልዩ መለያዎችን ይጨምራሉ። ሱዶ ከሌለ ባለቤትነቱ አይጠበቅም። ቀጥሎ የምትገለብጡት ፎልደር፣ ለምሳሌ ሆም፣ በመጨረሻም መድረሻው። ከሆም በኋላ እዝባር (ስላሽ) ካለ የሚገለበጠው ውስጡ ያለው ነው፤ ከሌለ ፎልደሩ ራሱ መድረሻው ውስጥ ይገባል። ይህቺ አንዲት ምልክት ብዙ ባክአፕ አዘበራርቃለች፤ ሁልጊዜ አድርጓት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ስሞል «ኤን» እና ስሞል ቪ ጨምሩ፤ ምንም ሳይነካ የሚገለብጠውን ብቻ ዘርዝሮ ያሳያችኋል።

መድረሻውን በቀኑ ስም አትጥሩት፤ መጀመሪያ «ያላለቀ» በሉት። የአማርኛ ስም ምንም ችግር የለበትም። መብራት ቢጠፋ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙት፤ ያለቁትን ፋይሎች እየዘለለ ይቀጥላል። ከመሃል የተቋረጠ ፋይል ግን በነጥብ የሚጀምር ቁራጭ ትቶ ስለሚሄድ፣ በድጋሚው ላይ ሁለት ጭረትና ዲሊት ጨምሩ፣ ያጸዳዋል። ሲያበቃ ኤኮ፣ ክፍት ቦታ፣ የዶላር ምልክትና የጥያቄ ምልክት ጻፉ። 0 ካለ ተሳክቷል። 24 በግልበጣው መሃል የጠፋ ፋይል አለ ማለት ነው፤ የብራውዘር ጊዜያዊ ፋይል ከሆነ አያሳስብም። 23 ካለ ግን ሳይገለበጥ የቀረ አለና መልእክቱን አንብቡ። ሲሳካ ስሙን 2018-01-05 በሚመስል መልክ ቀይሩት፤ ዓመት ከቀደመ በተራ ይደረደራል።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሁለት ጭረት፣ ሊንክ፣ ጭረት፣ ዴስት፣ የእኩል ምልክትና የቀደመውን ባክአፕ ሙሉ አድራሻ ጨምሩ። ያልተቀየረው ፋይል እንደገና ቦታ አይወስድም፣ እያንዳንዱ ቀን ግን ሙሉ ሆኖ ይታያል። ይህ ሲባል ያ ፋይል ዲስኩ ላይ ያለው አንዴ ብቻ ነው፤ በአንዱ ቀን ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ብታስተካክሉት በሌሎቹም ቀኖች ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ባክአፕ ውስጥ አትሥሩ፤ አውጥታችሁ ሥሩ። እየሠራ ያለ የዳታቤዝ ፋይልም እንዲሁ በቀጥታ አይገለበጥም፤ በራሱ የዳምፕ ትእዛዝ ወደ ፋይል አውጡትና ያንን ገልብጡ።

ሰዓት ምረጡ። ለብዙ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች አምራቾቹ የሚፈቅዱት የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የድሬዳዋ የሰኔ ቀትር እዚያ ይደርሳል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ጀምሩት፤ ዲስኩን ጨርቅ ላይ ወይም የተዘጋ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ 200 ጊጋባይት ለመያዝ 34 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ትናንሽ ፋይሎች ከበዙ ከዚያ ይረዝማል። ሲያበቃ አንማውንት ሳታደርጉ አትንቀሉ።

በወር አንዴ ስሞል «ኤን»፣ ስሞል ሲና ስሞል ቪ ጨምራችሁ ትእዛዙን አሂዱት፤ የሁለቱን ወገን ይዘት አንብቦ ያነጻጽራል። ከዚያም አንድ ቪዲዮ ወደ ሌላ ቦታ መልሱና እስከ መጨረሻው ተመልከቱት።

ሁለተኛ ዲስክ ግዴታ ነው፣ እሱም ስቱዲዮው ውስጥ አይደር። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ሥራችሁ መጋላ ሰፈር ከሆነ ሁለተኛው ዲስክ ከወንዙ ማዶ፣ ከዳርቻው በራቀ ቤት ይቀመጥ፤ በየሳምንቱም ሁለቱን አቀያይሩ። በመንገድ ላይ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ኢኤክስቲ4 ከማድረጋችሁ በፊት ለክስ በሚባለው የሊኑክስ የዲስክ መቆለፊያ በይለፍ ቃል ቆልፉት፤ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፋችሁ ከዲስኩ ለይታችሁ አኑሩ። እሱ ከጠፋ ፋይሉን የሚከፍትላችሁ የለም።